ሰማያዊው መለኪያ ሣጥን

በየዓመቱ ብርዱ ሲሰበርና የመንገድ ዳሩ ሣር ማቆጥቆጥ ሲጀምር፣ አቶ ቨርሊን ሃስኬት ወደ ዱዌይን የቀለምና የምስማር መደብር ጎራ ብለው አንድ ትንሽ ጣሳ ሰማያዊ ቀለም ይገዛሉ። ቀለሙ ለቤታቸው አይደለም፤ ለመኪናቸውም አይደለም። ለሣጥኑ ነው።

ስለ ሣጥኑ አስቀድሜ ልንገራችሁ። በአሜሪካ ሚዙሪ ግዛት፣ ኤልም ፎርክ ከምትባል ትንሽ ከተማ ዳር፣ ድንጋዩ ተፈልጦ ባለቀ ጉድጓድ ውስጥ የሚሰበሰብ የሽጉጥ ተኳሾች ማኅበር አለ። እነዚህ ሰዎች አንድ ቦታ ተተክለው አይተኩሱም። ከግድግዳ ወደ ግድግዳ እየተሻገሩ፣ አንዱን ኢላማ ተንበርክከው፣ ሌላውን በመስኮት አሾልከው ይመታሉ፤ ፍጥነታቸውም ትክክለኛነታቸውም ይቆጠራል። ማኅበሩን ከመሠረቱት መካከል በሕይወት የቀሩት አቶ ሃስኬት ብቻ ናቸው። ውድድሩን የሚመሩት እሳቸው፣ መሣሪያውን የሚፈትሹትም እሳቸው። የተወዳዳሪው ሽጉጥ በሰማያዊው የእንጨት ሣጥን ውስጥ ይቀመጣል፤ ክዳኑ ከገጠመ ሰውዬው ይወዳደራል፣ ካልገጠመ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ይግባኝ የለም።

አንድ የጸደይ ቀን ታዲያ አቶ ሃስኬት ቀለማቸውን ይዘው ከመደርደሪያው ዘወር ሲሉ፣ ሊያገኟት ከማይፈልጓት ሴት ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠሙ። ኮሪን ድሬሰል ትባላለች፤ በከተማው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳይንስ ታስተምራለች። ባለፈው መከር ሁለት ጓደኞቿን አስከትላ ለውድድር ብትመጣ፣ ሣጥኑ አልተቀበላትም ብለው የመለሷት እሳቸው ናቸው። ጓደኞቿም አብረዋት ሄዱ፤ ከዚያ ወዲህ አንዳቸውም ዝር አላሉም።

«እንደምን ዋሉ አቶ ሃስኬት?»

«ደህና ነኝ ልጄ። ተቀይመሽኛል ብዬ ነበር።»

«ቂም አልያዝኩም። ውድድሩ እንዴት ይዞዎታል?»

ዱዌይን ከገንዘብ መቀበያው ጀርባ ሆኖ ጣልቃ ገባ። «የትኛው ውድድር? ባለፈው ጊዜ እኮ ከተኳሹ ይልቅ ሊያይ የመጣው ውሻ ይበልጥ ነበር።»

«አንተ ምስማርህን ሽጥ» አሉ አቶ ሃስኬት። ቀልዱ ግን አጥንታቸው ድረስ ነው የገባው። የቀሩት ጥቂት አባላት በክረምቱ ተሰብስበው፣ በዚህ ጸደይ ውድድር አዲስ ሰው ካልታየ ማኅበሩን ዘግተን ጉድጓዱን ለባለቤቱ እንመልስ ብለው ተስማምተዋል።

ዱዌይን ጣሳውን በወረቀት እየጠቀለለ፣ «አሮጌውን ቀለም ፍቀው ይቀቡ እንጂ» አላቸው። «በላዩ ላይ ሲደራረብ ይላጣል።»

«ፍቄው አላውቅም፤ ተልጦም አያውቅም።»

«እኔ ለትምህርት ቤቱ መስኮት መፋቂያ ገዝቻለሁ» አለች ኮሪን። «ከፈቀዱልኝ መጥቼ ላግዝዎት።»

አቶ ሃስኬት እምቢ ሊሉ አፋቸውን ከከፈቱ በኋላ፣ ባለፈው መከር ሽጉጧን ጠቅልላ ስትሄድ የነበረው ፊቷ ትዝ አላቸው። «ኦፓል የፖም ፓይ ጋግራለች» ብቻ አሉ። እኚህን ሽማግሌ የሚያውቅ ሰው ይህ ግብዣ መሆኑን ይረዳል።

በአቶ ሃስኬት ቤት በረንዳ ላይ ሣጥኑን መሐል አድርገው ተቀመጡ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ኦፓል በፖም የተሞላውን ጣፋጭ ፓይ ቆርሳ አቀረበችና እሷም ወንበሯን ሳበች።

«እንግዲህ የልብሽን ተናገሪ» አሉ አቶ ሃስኬት። «መምህር በነፃ አያግዝም።»

«መናገሩን ትናገር፤ የሚሰማ ከተገኘ» አለች ወይዘሮ ኦፓል።

ኮሪን ፈገግ አለች። «መጀመሪያ ልጠይቅዎት። ይህ ሣጥን ለምን ተሠራ?»

የሽማግሌው ዓይን በራ። ይህን ጥያቄ ሰው ከጠየቃቸው ብዙ ጊዜ ሆኗል። «ያኔ ከትልቁ ከተማ አንድ የጥርስ ሐኪም ይመጣ ነበር። ሽጉጡ ክንድ ታክላለች፤ አፈሙዟ ላይ ንዝረት የሚያበርድ ብረት አለ፣ አናቷ ላይ መነጽር አለ። የእኛ ሰፈር ላም አላቢ ደግሞ ከሱቅ የገዛትን ተራ ሽጉጥ ይዞ ይመጣል። ሐኪሙ ሁልጊዜ ያሸንፋል። ላም አላቢው ቀስ በቀስ መምጣቱን ተወ። እኛም ተሰብስበን፣ ውድድሩ የእጅና የዓይን ይሁን እንጂ የኪስ አይሁን አልን። የራሴን ሽጉጥ ጣውላ ላይ አጋድሜ፣ ዙሪያዋን ለክቼ ይህን ሣጥን ሠራሁ። የእኔ ተራ ነበረች፤ ተራ የሆነ ሁሉ ይገባል፣ የተንዛዛው ውጭ ይቀራል።»

«እንዲያ ከሆነ ሣጥኑ የተሠራው ላም አላቢው እንዲመለስ ነው።»

«በትክክል።»

«እኔም ከሱቅ የገዛኋትን ተራ ሽጉጥ ነበር ይዤ የመጣሁት።»

አቶ ሃስኬት ፓዩን በሹካ ነካ ነካ አደረጉ። «ሣጥኑ አልተቀበላትማ።»

«ሣጥኑ ነው ወይስ እርስዎ?»

«እኔ ክዳን ብቻ ነኝ» አሉ። «ልጄ፣ ደንብ ማለት ለአንድ ሰው አንድ ጊዜ ከላላ አለቀለት። ዛሬ ላንቺ አንድ ፀጉር፣ ነገ ለሐኪሙ አንድ ክንድ።»

ይህ አነጋገራቸው ሐሰት አልነበረበትም፤ ኮሪንም አላቃለለችውም። ሰውን ከያዘው ሐሳብ ለማውጣት የሚሻ፣ መጀመሪያ ሐሳቡ ውስጥ ያለውን እውነት ማክበር አለበት።

«ልክ ነዎት። ግን ደንብ ሁሉ አንድ ነው ወይ? ሜዳ ላይ አንድ ሰው ጥይት የጎረሰ ሽጉጥ ይዞ ወደ ሰው ቢዞር ምን ያደርጋሉ?»

«እዚያው አስቆመዋለሁ። ያን ቀን ዳግመኛ አይተኩስም። ወንድሜም ቢሆን።»

«ወንድሙን አስወጥቶታል» አለች ወይዘሮ ኦፓል። «ሁለት የገና በዓል ሙሉ አላነጋገረንም።»

«ይህን ደንብ እንዲያላሉ አልለምንዎትም። እንዲያውም ጓደኞቼን አሳምኜ ያመጣኋቸው፣ እዚያ ቀልድ የለም ብዬ ነው። ነገር ግን አቶ ሃስኬት፣ አንዱ ደንብ ነፍስ ይጠብቃል፣ ሌላው ወንበር ይጠብቃል። ነፍስ የሚጠብቀው ይጥበቅ። ወንበር የሚጠብቀው ግን አንዳንዴ እየተነሣ ሊታይ ይገባል።»

«የማንን ወንበር ነው የምጠብቀው?»

«ቀድመው ገብተው የተቀመጡትን። ጓደኛዬን አፎትሽ ቆዳ አይደለም ብለው መለሷት አይደል?»

«ፕላስቲክ ነበር የታጠቀችው።»

«ጠንካራ ፕላስቲክ። ቃታውን ይሸፍናል?»

አቶ ሃስኬት አሰቡ። «ይሸፍናል።»

«ሲሮጡ ሽጉጡን ይለቃል?»

«አይለቅም።»

«ታዲያ ምን ጎደለው?»

«ማኅበሩ ሲመሠረት ሁላችንም ቆዳ ነበር የታጠቅነው።»

«ማኅበሩ ሲመሠረትማ ጥርስህም የራስህ ነበር» አለች ወይዘሮ ኦፓል። ተነሥታም ከበሩ ጀርባ የተሰቀለውን የባሏን መታጠቂያ አምጥታ ጭናቸው ላይ አኖረችው።

ሽማግሌው ነገሩ ገባቸው። አውራ ጣታቸውን በአሮጌው አፎት አፍ ላይ ጫን ሲያደርጉ፣ ቆዳው በላብና በዓመታት ለስልሶ ወደ ውስጥ ታጠፈ። እንዲህ የታጠፈ ቆዳ ሽጉጥ ሲመለስበት ቃታ ሊነካ እንደሚችል ከእሳቸው የበለጠ የሚያውቅ የለም። ይህን በሌላ ሰው ወገብ ላይ ቢያዩት ኖሮ ያለ ንግግር ያስወልቁት ነበር። መታጠቂያውን ጠቅልለው ከወንበሩ ሥር አስገቡት፤ ስለ ቆዳም ከዚያ በኋላ አላነሡም።

ኮሪን በድል አልተኩራራችም። መፋቂያዋን አንሥታ የሣጥኑን ውስጥ ከአንድ ጥግ ትፍቅ ጀመር። ሰማያዊው ቀለም በወፍራሙ ተነሣ፤ ከሥሩ ሌላ ሰማያዊ፣ ከዚያም ሥር ሌላ፣ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ እየተደራረበ ወጣ። እንጨቱ ቶሎ አልታይ አለ።

እጇን ገታ አድርጋ፣ «በየዓመቱ ውስጡንም ይቀቡታል?» ብላ ጠየቀች።

«ውስጡንም፣ ክዳኑንም። የሰው ዓይን ሲያርፍበት ንጹሕ ይሁን ብዬ ነው።»

ወይዘሮ ኦፓል ሣጥኑን አየች፤ ከዚያም ባሏን። «ቨርሊን፣ የራስህን ሽጉጥ እዚህ ውስጥ ያስገባሃት መቼ ነው?»

«የእኔን? እንዴት ያለ ጥያቄ ነው። የእኔ እኮ ናት መለኪያዋ። መለኪያ ይለካል እንዴ?»

«እንግዲያው ያለ ችግር ትገባለቻ። አምጣታ።»

አቶ ሃስኬት ገብተው ሽጉጣቸውን ይዘው ወጡ። አፈሙዟን በረንዳው ጥግ ወዳለው የአሸዋ ባልዲ አዙረው ካዝናዋን አወጡ፤ ጥይት የምትጎርስበትንም ከፍተው አዩ። ደግመው አዩ። ከዚያ ለኮሪን አሳዩአት፤ እሷም አጎንብሳ አየችና «ባዶ ናት» አለች። በገዛ በረንዳቸው፣ በገዛ ሚስታቸው ፊት እንኳ ይህን ሥርዓት አያልፉም ነበር። ከዚያ ሽጉጧን በሣጥኑ ውስጥ አጋደሙና ክዳኑን አወረዱ።

ክዳኑ አልገጠመም።

አስተካክለው አስቀመጧት። እንደገና አወረዱ። በአንድ በኩል ሲገጥም በሌላው በኩል ይነሣል። መዳፋቸውን ክዳኑ ላይ አሳርፈው ሊጫኑት ሲሉ ወይዘሮ ኦፓል በቀስታ፣

«ለልጅቷ አልተጫንክላትም» አለች።

አቶ ሃስኬት እጃቸውን አነሡ።

ክዳኑ አልገጠመም ብለው የሸኟቸው ሰዎች ፊት አንድ በአንድ ይመጣባቸው ጀመር፦ የፀጉር አስተካካዩ ልጅ፣ ከክሊኒኩ የመጣችው ነርስ፣ ከወንዙ ማዶ በአንድ መኪና የመጡት ሁለት ወንድማማቾች። ሁሉም ተራ ሽጉጥ የያዙ። ሁሉም «እሺ ጌታዬ» ብለው የሄዱ። የጥርስ ሐኪሙማ መምጣቱን ከተወ ስንት ዘመኑ ነው። ሣጥኑ ላም አላቢውን ሊያስገባ ተሠርቶ፣ ላም አላቢውን ሲያስወጣ ኖሯል።

«ቀለሙ ነው ያጠበበው» አለች ኮሪን፣ ልታጽናናቸው። «ዛሬ ተፍቆ ያልቃል። ሣጥኑ እንደ ድሮው ይሆናል።»

«ሣጥኑ ይሆናል» አሉ አቶ ሃስኬት። «የሄደው ሰው ግን ተፍቆ አይመጣም።» ወደ ኮሪንም ዞረው፣ «አንቺ ብትሆኚ ምን ታደርጊ ነበር?» አሏት።

እኚህ ሰው ይህን ጥያቄ ለማንም ጠይቀው አያውቁም። ወይዘሮ ኦፓል ሹካዋን አስቀመጠች።

«ዋንጫ የሚፈልግ በሣጥኑ ይለካ» አለች ኮሪን። «ሊማር የመጣ ግን ለአንድ የውድድር ዘመን አይለካ። ቤቱ ያለችውን ደኅና ሽጉጥ ይዞ ይምጣ፤ ትንሽ ጥይት የምትተኩስም ብትሆን። አፎቱ ቃታ ከሸፈነ ይበቃል። አፎት የሌለው ደግሞ ሽጉጡን ከጠረጴዛ ላይ አንሥቶ ይጀምር። የጆሮ መከለያና የዓይን መነጽር ማኅበሩ ያውሰው። ከአዲሱ ሰው አጠገብም አንድ ነባር ይቁም።»

«ሁሉም ሊማር ነው የመጣሁት ቢልስ?»

«ይበል። ዋንጫ አያገኝም። ከዓመት በኋላ ራሱ ለኩኝ ብሎ ይመጣል።»

አቶ ሃስኬት ነገሩን በልባቸው አገላበጡት። ቀዳዳ ፈልገው አጡ። «ከመተኮሳቸው በፊት ግን ስለ ጥንቃቄ ይማራሉ።»

«አንድ ሰዓት ብንመድብስ?»

«አንድ ሰዓት አይበቃም። ደግሞም የማስተምረው እኔ ነኝ።»

«በዚህ አልከራከርዎትም» አለች መምህርቷ።

ሣጥኑን እንጨቱ እስኪታይ ፍቀው ጨረሱ፤ የአቶ ሃስኬት ሽጉጥ ገባች፣ ክዳኑም ያለ ጫና ገጠመ። የኮሪን ሽጉጥም በማግስቱ መጥታ ገባች። አቶ ሃስኬት በሳምንቱ የፀጉር አስተካካዩን ልጅ ሱቁ ድረስ ሄደው አናገሩት፤ ነርሷን በስልክ ጠሯት፤ ወንዙንም ተሻገሩ። ለሁሉም ያሉት አንድ ነው፦ «ጥፋቱ የሣጥኔ ነበር። ሣጥኑን የምይዘው ደግሞ እኔ ነኝ።» ወይዘሮ ኦፓል ይህን ስትሰማ፣ አርባ ዓመት አብሬው ስኖር ለእኔ እንዲህ ብሎኝ አያውቅም ብላ ለጎረቤት ሁሉ አወራች።

በውድድሩ ቀን ጉድጓዱ አፍ ላይ አዲስ ሰሌዳ ቆሞ ነበር። ለሣጥኑ በተገዛው ሰማያዊ ቀለም፣ በአቶ ሃስኬት እጅ፣ «ልትሞክር የመጣህ ግባ» ተብሎ ተጽፎበታል። ነርሷ መጣች። ወንድማማቾቹ ከሚስቶቻቸው ጋር መጡ። ኮሪን ከጓደኞቿ ጋር መጥታ ከሁሉ መጨረሻ ወጣች፤ ጎርበጥባጣውን መሬት ስትሮጥ ሁለት ኢላማዎችን እስከነአካቴው ረስታቸው አልፋለች። የፀጉር አስተካካዩ ልጅ አልመጣም፤ ያልመጣ አልመጣም። ዱዌይን ግን ሊያሾፍ መጥቶ ልሞክር አለ፤ ሦስተኛው ግድግዳ ጋ ሲደርስ አፈሙዙ ወደ ሰው ዞረና አቶ ሃስኬት ከኋላው «ቁም» አሉት። ቀኑን ሙሉ የተበሳ ኢላማ ሲለጥፍ ዋለ። ማንም አላዘነለትም፤ እሱም አልተቀየመም።

አሁን ማኅበሩ አልተዘጋም። ነባሮቹ ኢላማ የሚለጥፍ፣ ግድግዳ የሚሸከም ጉልበት አገኙ። አዲሶቹ መሣሪያን በጥንቃቄ መያዝ ከሚያውቅ ሰው ተማሩ፤ ይህም ቤታቸው ውስጥ ላሉት ልጆች ሁሉ ደኅንነት ነው። ዋንጫውም ክብሩ አልቀነሰም፤ ብዙዎች የሚፈልጉት ዋንጫ ጥቂቶች ከሚቀባበሉት ይበልጣልና። እናንተም፣ ወዳጆቼ፣ የዕድር ወይም የማኅበር ደንብ በእጃችሁ ያለ እንደሆነ፣ ሰው ከመመለሳችሁ በፊት ራሳችሁን በመለኪያችሁ አስገብታችሁ እዩ። ደንቡ የተሠራለትን ጉዳይ ጠብቁ፤ በላዩ የተደራረበውን ግን ሳትሳሱ ፋቁ።

በሚቀጥለው ጸደይ አቶ ሃስኬት ወደ መደብሩ ጎራ ሲሉ፣ ዱዌይን ሳይጠየቅ ሰማያዊውን ጣሳ ከመደርደሪያው አወረደ።

«እሱ ለሰሌዳው ነው፤ ዝናብ አደብዝዞታል» አሉት አቶ ሃስኬት። «ለሣጥኑ መፋቂያ ስጠኝ፤ የሚደራረብበት አይጠፋም።»