የጋሽ ምላጭ ወንበር

እስቲ ጸጥ በሉልኝ! ሻጯ፣ ያንን ስልክ ዝጊው፤ ዛሬ የመልካም ምኞት ካርድ አንሸጥም። ጋሽ ምላጭ፣ እርስዎም ይቀመጡ። ዛሬ የጡረታ መሸኛዎ ነው፤ የምናገረውም ስለ እርስዎ ነው፤ ስለዚህ መሃል ገብቶ ማረም ክልክል ነው። እትዬ፣ ባለቤትዎ ይነሱ ይሆናልና እጃቸውን ያዝ ያድርጉልኝ።

ጋሽ ምላጭ እዚህ ካርድ ቤት መጀመሪያ የመጡት ሥራ ፍለጋ እንዳይመስላችሁ። ደንበኛ ሆነው ነው የመጡት። ያን ጊዜ ጫማ ቤት ቆዳ ቆራጭ ነበሩ። እትዬ የመጀመሪያ ልጃቸውን ተገላግለው ሐኪም ቤት ተኝተዋል፤ እሳቸው ለአራሷ ካርድ ሊገዙ ብቅ አሉ። እኔ ስፖንጅ መያዝ ገና የጀመርኩ ልጅ ነኝ። ወፍ ያለበት ካርድ ሰጠኋቸው። አልከፈቱትም፤ ወደ መስኮቱ ወስደው አንድ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ይቺን ወፍ የቆረጣት ማነው?»

«አለቃችን ናቸው።»

«በምን? በመጥረቢያ?»

አለቃችን ከጓዳ ብቅ አሉ። ያኔ ደማቸው ይፈላ ነበር፤ እንደ ዛሬ አልረጉም። «ጎበዝ ከሆንክ ራስህ ቁረጣት!» ብለው ምላጭ ወረወሩላቸው። ሰውዬው ቁጭ አሉ። ቁጭ እንዳሉ መሸ። ሚስት ሐኪም ቤት፣ ባል ወፍ ላይ! እትዬ፣ ይንገሩን እስቲ፤ ካርዱ መቼ ደረሰዎት? ... ሰማችሁ? ልጅቷ ጥርስ ስታወጣ! እሳቸውም ጫማ ቤቱን ትተው በዚያው እዚህ ቀሩ።

ሥራችንን ለማታውቁ እንግዶች ባጭሩ ልንገራችሁ። ስቴንስል የምንለው ስስ ፕላስቲክ ነው። ቅጠሉ ወይም ወፉ ይሳልበትና በምላጭ ተቆርጦ ይወጣል፤ ከዚያ ካርድ ወይም ግድግዳ ላይ ይለጠፍና ክፍቱ ቦታ ላይ በስፖንጅ ቀለም ይመታበታል። ሲነሳ ቅጠሉ ቁጭ ይላል። በቃ ይኸው ነው። ቀላል አይደል? ቀላል የሚሆነው ጋሽ ምላጭ አጠገብ ከሌሉ ነው።

አሁን ዋናውን ነገር ልናገር። ከወራት በፊት አለቃችን ሰብስበውን እንዲህ አሉ፤ «ጋሽ ምላጭ ጡረታ ሲወጡ የመቁረጫ ማሽን አስገባለሁ። ነገር ግን ከመሃላችሁ በእጅ የሚቆርጥ አለ ብለው እሳቸው ከነገሩኝ ማሽኑ ይቀራል።» ሁሉም ዞሮ እኔን አየኝ። አስተያየቱ ለቅሶ ሊደርስ የመጣ ሰው አስተያየት ነው! ለምን መሰላችሁ? ያንን የጋሽ ምላጭን የመቁረጫ ወንበር የምፈልገው እኔ ነኝ፤ ምን አስደበቀኝ። ስፖንጅ ስመታ የኖርኩት ያንን ወንበር በጎን እያየሁ ነው። ማሽኑ ከገባ የኔ ነገር አበቃ። እና ዕጣዬ የወደቀው በማን አፍ ላይ ነው? ከተወለዱ ጀምሮ «ጎሽ» የምትባል ቃል ከአፋቸው ወጥታ በማታውቅ ሰው!

አጋነንሽ የሚል አለ? ቀለም በጥባጯን ጠይቋት። በሠርጓ ዕለት ጠርታቸው ነበር። ሙሽራ ገባ፣ ጭብጨባ ሆነ፤ ጋሽ ምላጭ የሉም። ብንፈልጋቸው የአዳራሹን ግድግዳ በጥፍራቸው እየፋቁ አገኘናቸው! አበባ የተመታበት ግድግዳ ነበር። የአዳራሹን ኃላፊ አስጠርተው «ልጄ፣ ስቴንስሉ ሲመታ ተንሸራቷል፤ አበቦቹ ሁሉ የሰከሩ ይመስላሉ» ይሉታል። ሰውዬው የሙሽራዋ አባት መስለውት ይቅርታ ሲጠይቅ አመሸ። እውነተኛው አባት ደግሞ «እኚህ ሰው በማን በኩል ናቸው?» እያሉ ይዞራሉ።

እኔማ ስድቡን ለምጄ ሌላ ሰው ሲያመሰግነኝ እደነግጣለሁ። ስፖንጁ ትንሽ ቀለም ከበዛበት «አጠጥተሽ አጠጥተሽ አሰከርሽው! ስፖንጅ ይጠማው እንጂ!» ይላሉ። የቆረጥኩትን ስቴንስል ሳሳያቸው መስኮት ላይ ይዘረጉታል፣ አንድ ዓይን ይጨፈናል፣ «እህም» ይላሉ፣ ከዚያ ለአራት ቀደው እጄ ላይ ያስቀምጡልኛል። ለሁለት እንኳ አይደለም! ለሁለትማ ከቀደዱት መልሼ እንዳልቀጥለው ይፈራሉ።

ራሳቸውስ አይሳሳቱም? ኧረ እንዴት ያለ ስህተት! የሕፃናት ክሊኒኩን የማያውቅ ካለ ይስማ። ሕፃናት ሐኪም እንዳይፈሩ ከበሩ እስከ ምርመራው ክፍል ወለሉ ላይ የአንበሳ ዱካ ምቱልን አሉን። ልጁ ዱካውን ተከትሎ እየዘለለ ሐኪሙ ጋ ይደርሳል ማለት ነው። ጋሽ ምላጭ «ይሄን ለማንም አልሰጥም» ብለው ራሳቸው ተንበረከኩ። እርጥቡን ላለመርገጥ ከምርመራው ክፍል ጀምረው ወደ ኋላ እያፈገፈጉ መቱት፤ የስቴንስሉን ጣቶች ግን ወደ ራሳቸው፣ ወደ ውጭው በር፣ እንዳዞሩት ረሱ። በማግስቱ ክሊኒኩ ተከፈተ። ልጆቹ ከሐኪሙ ደጃፍ ይነሱና ዱካውን እየተከተሉ፣ እየዘለሉ፣ ቀጥ ብለው ወደ መንገድ! ነርሷ ከኋላ ትሮጣለች፣ እናት ትጮኻለች፣ አንበሳው ወደ ቤቱ ሄዷል።

ተሳሳትኩ አሉ? የት አባቱ! «መሮጥ የቻለ ልጅ ምን አመመው?» አሉን።

እሺ። ባለፈው ሳምንት ወደሆነው ልምጣ። አይ፣ አይነሱ ጋሼ! እትዬ፣ ጠበቅ ያድርጓቸው።

አንድ ቤተ መጻሕፍት ግድግዳው ላይ የሚመታ ትልቅ ዛፍ አዞን ነበር። አለቃችን ጋሽ ምላጭንና እኔን፣ ሁለታችንንም ያንኑ ዛፍ እንድንቆርጥ አዘዙን፤ እሳቸው በወንበራቸው፣ እኔ በጓዳ። ስንጨርስ ሁለቱን ስቴንስል አደባልቀው ጠረጴዛው ላይ ዘረጉ። «ጋሽ ምላጭ፣ እስቲ የእርስዎንና የእሷን ለይተው ልጅቷ ትችል እንደሆነ ይንገሩኝ» አሏቸው። እኔ የቀለም ባልዲ ላይ ተቀመጥኩ።

የመጀመሪያውን አነሱ። መስኮት። አንድ ዓይን። «እህም። ይሄ የሷ ነው። የቅርንጫፉን ጥግ ተመልከቱት፤ አይጥ የበላው ነው የሚመስለው! እጇ ቸኩሏል። ስንቴ ነገርኳት! ይቺ ልጅ አትማርም።» ሁለተኛውን አነሱ። ረጅም ጊዜ ያዙት። «ይሄ የኔ ነው። አያችሁ ቅጠሉ እንዴት እንደሚዞር? ምላጩ የትም ቦታ አልተነሳም። መቁረጥ እንዲህ ነው።»

ቀለም በጥባጯ ቀድማ ሳቀች። አለቃችን ቀድመው ጠርዙ ላይ የጻፉትን ምልክት ገልብጠው አሳዩ። አይጥ የበላው የማን ሆኖ ተገኘ? የጋሽ ምላጭ!

አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። ጋሼ፣ እርስዎ ላይ ሁለቱም ደርሰዋል።

«መብራቱ ነው» አሉ። ቀጥሎ «መነጽሬ ነው» አሉ። ከወንበሩ ተነሡና ኮታቸውን ለብሰው፣ ሰው ሳይሰናበቱ ወጡ። አለቃችን ስቀው ሲያበቁ ማሽን ሻጩ ጋ ደውለው «ተወው፣ ሰው አግኝተናል» አሉት። እኔ መደሰት ሲገባኝ በሩን አያለሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ ጋሽ ምላጭ እኔን ቀና ብለው አላዩኝም። አሁንም ያንን ብርጭቆ ነው የሚያዩት፤ ስንጥቅ እየፈለጉበት ነው መሰል።

ስለዚህ ቀልዱን ልተወውና ከልቤ ልናገር። ጋሼ፣ ሰው ፊት አመስግኜዎት አላውቅም፤ እርስዎም ለምስጋና አይመቹም። ግን ምላጭ የያዝኩ ሰሞን ጣቴን ቆርጬ ሳለቅስ፣ መጀመሪያ «ደምሽ ፕላስቲኩን እንዳይነካው» ብለው ተቆጡኝ፤ ቀጥለው በራስዎ መሐረብ አሰሩልኝና እጄን በእጅዎ ይዘው «እጅሽ አይዙር፤ ፕላስቲኩን አዙሪው» አሉኝ። ቀለም በጥባጯ ያለቀላቸው የልደት ካርዶች ላይ ቀለም የደፋች ዕለትም «እኔ ነኝ የደፋሁት» ብለው ቁጣውን ለብቻዎ ተቀበሉ። አለቃችን፣ ይሄን አሁን ነው የሚሰሙት? በሉ ይቅር በሏት፣ ሦስት ልጆች ወልዳለች። እንዲህ ያለውን ሁሉ ሠርተው አንድ ቀን እንኳ አላወሩትም። ስድቡን ብቻ ነው ጮክ ብለው የሚናገሩት።

ሰሞኑን ቤትዎ «አረጀሁ፣ የራሴን እጅ መለየት አቃተኝ» እያሉ እንደሚቆዝሙ እትዬ ነግረውኛል። ቀና ይበሉና ይዩኝ፣ ጋሼ። አልተሳሳቱም። ያንን ዛፍ የቆረጥኩት እርስዎ ባስያዙኝ አያያዝ ነው፤ ሌላ አያያዝ አላውቅም፣ ያስተማረኝም ሌላ ሰው የለም። «የኔ ነው» አሉ። እውነትዎን ነው፤ የእርስዎ ነው።

አያልቅሱ እንጂ! እኔንም አስለቀሱኝ፤ ገና ያልደረቀ ካርድ ከፊታችን አለ።

በሉ ሁላችሁም ተነሡ፣ ብርጭቆ አንሱ። ጋሼ፣ እጅዎን ቁርጥማት አይንካው። ዕድሜና ጤና ይስጥልን። ሰኞ ጠዋት እዚያ ወንበር ላይ እቀመጣለሁ፤ ሲያልፉ በመስኮቱ በኩል ብቅ ይበሉና ይስደቡኝ። ለጋሽ ምላጭ፣ ለመምህሬ!