ሲጥ የሚለው ጫማና እንከን የለሹ ሰው

ጫማ ሰፊው ሱቅ የገባሁት ሲጥ ሲጥ የሚል ጫማ ልለምን ነበር። ሰው ሲጥ የሚለውን ሊያሠራ ይሄዳል፤ እኔ ሳይሠራ እንዲሰጠኝ ልለምን ሄድኩ። ሥራዬ ነው። የሬዲዮ ድራማ ስትሰሙ የሚከፈተው በር፣ የሚሰበረው ብርጭቆ፣ የሚመጣው ሰው ኮቴ ሁሉ የእጄ ውጤት ነው። ለዚህም ነው ጣቢያው ውስጥ «ኮሽታ» የሚሉኝ። አንድ ጊዜ በቆርቆሮና በሩዝ ያዘነብኩትን ዝናብ የሰማ ሰፈር ሙሉ ልብሱን ከገመድ አውርዷል። አንዲት ሴትዮማ ሮጣ ስትደርስ ልብሷን ርሶ አገኘችው። ትምህርቴን ስላልጨረስኩ ይህ እንዴት እንደሆነ ማስረዳት አልችልም።

ሱቁ እንደ መሳቢያ ጠባብ ነው። ቆዳና ማስቲሽ ይሸታል። ከጫማ ሰፊው ፊት ለፊት አንድ ሽማግሌ በካልሲያቸው ካርቶን ላይ ቆመዋል። ሊቀመጡ ይሉና ይተዉታል፣ በር ድረስ ሄደው ይመለሳሉ። ሳያቸው ልወጣ ዞርኩ። አዩኝ።

«መጣህ? ግባ እንጂ» አሉኝ። «የምትሰርቀው ጫማ እየሞተ ነው፤ ቀብሩ ላይ ተገኝ።»

እኚህ ሰው መምህሩ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ የጤና ትምህርት አስተምረው ጡረታ የወጡ ሲሆኑ፣ ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ «ቀናው ሰው» የሚባል ሳምንታዊ ድራማ ይጽፉልናል። ቀናው ሰው አይቆጣም፣ አያረፍድም፣ አይዋሽም፣ ያልፈላ ውሃ አይጠጣም፤ ምራቁን እንኳ ሳያፈላ የሚውጥ አይመስለኝም። በየሳምንቱ አንድ ጎረቤት ቤት ይገባል፣ ይመክራል፣ ይመሰገናል፣ ይወጣል። ሚስቱ «እንኳን ደህና መጣህ፣ ውድ ባለቤቴ» ትለዋለች። በቃ። ስለ ድራማው ደውሎ የሚያውቅ አድማጭ አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም ቧንቧ ሠራተኛ ፈልጎ ቁጥር ተሳስቶ ነው። ኃላፊያችን «በዚህ ከቀጠለ ሰዓቱን ለማስታወቂያ እሰጠዋለሁ» ብላ አስጠንቅቃ ነበር።

ስቱዲዮ ውስጥ ደግሞ ጫማ አይገባም፤ ማይክሮፎን የሌላ ሰው ኮቴ እንዳይሰማ ሁላችንም በር ላይ እናወልቃለን። የመምህሩ ጫማ ከሁሉ ተለይቶ ይታወቃል፤ ባለቤቱ ገና ከታች ደረጃውን ሲጀምሩ እሱ ላይ ደርሶ ሰላምታ ይሰጣል። አንድ ቀን ታዲያ ቀናው ሰው ወደ ጎረቤቱ ሊገባ ሲል፣ የመምህሩን ጫማ በሁለት እጄ አጥልቄ ሳንቃው ላይ አስኬድኩት። ሲጥ፣ ሲጥ፣ ሲጥ። ተዋናዩ ሳቁን ለመዋጥ ሲል ምክሩን እያንቀጠቀጠ ነገረ። መምህሩ ከመስታወቱ ማዶ ወረቀታቸው ላይ አቀርቅረው አልሰሙም። በሚቀጥለውም ሳምንት ደገምኩት።

ከዚያ ስልኩ አላርፍ አለ። «አቶ ሲጥሲጥ ዛሬ የማን ቤት ይገባል?» «አቶ ሲጥሲጥ ልጅ የለውም እንዴ?» «ጫማውን ለምን አያሠራም?» መምህሩ ግን ይህን የሰሙት ትናንት አውቶቡስ ውስጥ ነው። ሁለት ጎረምሶች አንዱ በአፉ ሲጥ እያለ፣ ሌላው በአፍንጫው እየመከረ የሚወዱትን ሰውዬ ሲያስመስሉ፣ መምህሩ ከኋላቸው ቆመው ነበር።

«መምህር፣ እንደምን ዋሉ» አልኳቸው።

«አልዋልኩም። ከጠዋት ጀምሮ ቆሜ ነው ያለሁት።»

«ጋሼ፣ አረፍ ይበሉ እስቲ» አለ ጫማ ሰፊው። «መዶሻዬን ያስቱኛል። አንዱን ጨርሻለሁ፣ የቀረው ግራው ነው።»

አልተቀመጡም። «ነገ ቀናው ሰው ይሞታል» አሉኝ። «ጽፌ ጨርሻለሁ። መንገድ ሲሻገር መኪና ይገጨዋል። ከመሞቱ በፊት ስለ መንገድ አሻጋገር ይመክራል።»

«ከተገጨ በኋላ ነው የሚመክረው?»

«በአጭሩ ነው። አራት ገጽ።»

ልስቅ ነበር፤ ፊታቸውን አይቼ ተውኩት። ቀናው ሰው ከሞተ ድራማው ይሞታል፤ ድራማው ከሞተ እኚህ ሽማግሌ ከሰኞ እስከ ሰኞ የሚጠብቃቸው ባዶ ቤት ብቻ ነው። ይህን እኔም አውቃለሁ፣ እሳቸውም ያውቃሉ።

በዚህ መሀል በሩ ተገፋና የእህታቸው ልጅ ገባች። ሥነ ጽሑፍ የተማረች፣ መጽሐፍ ማተሚያ ቤት በአርታኢነት የምትሠራ ወጣት ናት። ስትሮጥ እንደመጣች ትንፋሿ ይናገራል። ቤታቸው ሄዳ ጠረጴዛ ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብባ ኖሯል።

«አጎቴ፣ ሰውዬውን ለምን ይገድሉታል?»

«እኔ አልገደልኩትም» አሉና በጣታቸው አመለከቱኝ። «ይኸ ነው የገደለው። የተከበረ ሰው ፈጥሬ ሰጠሁት፤ መሳቂያ አድርጎ መለሰልኝ።»

«ሰዉ እኮ ወደደው።»

«ጫማውን ነው የወደደው። ቀይ ኮፍያ ባደርግበትስ? አፍንጫውን ክንድ ባሳክለውስ? ሰው የሚታወሰው በዚህ ከሆነ ባርኔጣ ሻጭ ሁሉ ደራሲ ነው በይኛ።»

እኔ ልጅቷ ትከራከራቸዋለች ብዬ ጠበቅኩ። እሷ ግን በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች። «እውነትዎን ነው። ሲጥታው ብቻውን ብዙ አይቆይም። ሰው ይስቃል፣ ይለምደዋል፣ ይረሳዋል።»

እዚህ ላይ ትንሽ ቅር አለኝ።

«እንግዲያው ተስማማን» አሉ መምህሩ። «ይሙት።»

«አልተስማማንም። መጀመሪያ አንድ ነገር ልጠይቅዎ፣ አጎቴ። ቀናው ሰው ጎረቤትዎ ቢሆን፣ ሲመጣ ሲያዩት ምን ያደርጋሉ?»

«እቀበለዋለሁ።»

«በእውነት?»

መምህሩ በር ድረስ ሄደው ተመለሱ። «መስኮቱን እዘጋለሁ» አሉ በመጨረሻ፣ በቀስታ።

ጫማ ሰፊው ሚስማር በጥርሱ እንደያዘ ሳቀ። ቢውጠው ኖሮ ይህን ታሪክ በሌላ መልክ እነግራችሁ ነበር።

«ቢሆንም መካሪ እንከን ካለበት ማን ይሰማዋል?» አሉ ሽማግሌው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። «ራሱ ጫማውን ያላስተካከለ ሰው ስለ ንጽሕና ልምከር ቢል፣ ቅድሚያ የራስህን አይሉትም?»

«ይሉታል። ይበሉት። እሱም ይፈር፣ ይናደድ፣ መልስ ይጣ። ያን ጊዜ ወደ ቤት ሲመለስ አድማጩ አብሮት ይሄዳል። አሁን ግን ምክሩን ሰጥቶ ሲወጣ የሚከተለው የለም፤ የሚፈልገው ነገር የለውም፣ የሚፈራው የለውም። ምንም ከማይጎድለው ሰው ጋር ምን ያገናኘናል? እኛ ሁላችን የሆነ ነገር የጎደለን ነን።»

«ስለዚህ ሌባ ላድርገው?»

«ኧረ አይደለም። ደግነቱን አይንኩበት። አንድ ጥያቄ ብቻ ይመልሱለት። የጎረቤቱን ጣሪያ የሚያስጠግን፣ የሰውን ልጅ ጥፍር ሳይቀር የሚያስቆርጥ ሰው የገዛ ጫማውን ለምን አያሠራም? ደዋዮቹ የሚጠይቁት ይህንኑ ነው። ጫማው ጆሮአቸውን ያዘ፤ ልባቸውን የሚይዘው ግን ምክንያቱ ነው።»

«ገንዘብ ቸግሮት ነው።»

«ባለፈው ወር ስለ ቁጠባ መክሯል።»

«ጊዜ የለውማ።»

«አንድ ቀን እንኳ አርፍዶ አያውቅም ብለዋል።»

«እንግዲያው አላውቅም» አሉና ለመጀመሪያ ጊዜ በርጩማው ላይ ተቀመጡ። ካልሲያቸው አውራ ጣታቸው ላይ ተቀዷል። እጃቸው ግን አላረፈም፤ ከእግራቸው ሥር ያለውን የካርቶን ጠርዝ ይቀድዳል።

«እርስዎስ?» አለች ዝቅ ብላ። «እኔ ልጅ ሆኜ እንኳ ጫማዎ ሲጥ ይል ነበር። ይቀይሩታል፣ አዲሱም ሲጥ ይላል። እርስዎ ለምን ሳያሠሩት ኖሩ?»

መዶሻው ቆመ። መምህሩ ተነሱ፤ መልሰው ተቀመጡ።

«ቤታችን ሦስተኛ ፎቅ አይደል» አሉ። «አክስትሽ ደረጃው ላይ ስትሰማኝ በሩን ትከፍታለች። አንድ ቀን እንኳ አንኳኩቼ አላውቅም። እጇ ሽንኩርት ቢሆን፣ ዱቄት ቢሆን፣ በክርኗ ትከፍታለች። የእጀታው ዙሪያ ሁልጊዜ የዱቄት ነጥብ ነበረው። አንድ ጊዜ ሰፈሩ ሳቀብኝና ላሠራው ብል፣ ‹ኋላ አንተ መሆንህን በምን አውቃለሁ?› አለችኝ። ከዚያ በኋላ አዲስ ስገዛ እንኳ ሱቅ ውስጥ እየተራመድኩ ሲጥ የሚለውን እመርጥ ነበር። ሻጮቹ እብድ ይሉኛል።»

«ካረፈች በኋላስ?»

«ካረፈችም በኋላ አላሠራሁትም። ማንም እንደማይከፍት እያወቅኩ በሩ ፊት ትንሽ እቆማለሁ። ከዚያ ቁልፌን አወጣለሁ።»

እኔ በሕይወቴ ድምፅ ስፈጥር የኖርኩ ሰው፣ ያን ጊዜ አንዲት ኮሽታ ማሰማት አቃተኝ።

ልጅቷ እንባዋን በእጅጌዋ ጠርጋ እንዲህ አለች፦ «አጎቴ፣ አክስቴ ደግ ነበረች፣ ታጋሽ ነበረች፣ ታማኝ ነበረች ሲሉኝ ስንት ዓመት ሆነ። እኔም አዎ እላለሁ። መቃብሯም ላይ ጽፈነዋል፤ ከጎኗ ባሉትም ሁሉ ላይ ያው ተጽፏል። ከዛሬ ጀምሮ ግን በክርኗ በር ስትከፍት አያታለሁ። ሰው የማይረሳው እንዲህ ሲሆን ነው። ቀናውን ሰው ይህን አንድ ነገር ነፍገውት ነው ሞት የፈረዱበት።»

መምህሩ በካልሲያቸው ብድግ አሉ። «አቁም» አሉት ጫማ ሰፊውን።

«አንዱን እኮ ጨርሻለሁ፣ ጋሼ።»

«መልሰዋ።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ የሚጮኸውን ዝም ማሰኘት እንጂ ዝም ያለውን ማስጮህ አልተማርኩም።»

ግራውን ጫማ ከጉልበቱ ላይ ነጥቀው አጠለቁ፣ የተሠራውን ቀኝም አጠለቁ፤ ማሠሪያውን ሳያስሩ፣ ሂሳቡን ለእኔ ትተው ወጡ። ሲጥ። ዝም። ሲጥ። ዝም። ልጅቷ እየሮጠች ተከተለቻቸው። እኔም ከፈልኩ፤ ለሳቅ የሚከፈል ቀረጥ ነው።

በማግስቱ ይዘውት የመጡት ጽሑፍ ስርዝ ድልዝ የበዛበት ነበር። መኪናውም፣ አራቱም የምክር ገጾች የሉም። ክፍሉ ሲጀምር ሚስቱ ሲጥታውን ከደረጃው ሰምታ፣ ሳያንኳኳ በሩን ትከፍትለታለች። ቀናው ሰው ስለ ንጽሕና ሊመክር ጎረቤት ቤት ሲገባ ጎረቤቱ «ቅድሚያ ጫማህን» ይለዋል። ሰው ሁሉ ይስቃል። ቀናው ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ በሕይወቱ ይቆጣና ጫማ ሰፊ ዘንድ ይሄዳል። ተሠርቶለት፣ ኮርቶ ወደ ቤቱ ይመለሳል።

«እዚህ ላይ ምን ላሰማ?» አልኩ።

«ምንም» አሉኝ መምህሩ። «ደረጃውን ሲወጣ ምንም አይሰማ።»

ከዚህ በፊት መብረቅ ሠርቻለሁ፣ ፈረሰኛ ሠርቻለሁ። የዚያን ቀን ሥራ ግን ከሁሉ ከበደኝ፤ እጆቼን ጉልበቶቼ መሀል አስገብቼ ዝም አልኩ። ቀናው ሰው በሩ ፊት ደርሶ ቆመ። በሩ አልተከፈተም። ጠበቀ። በመጨረሻ አንኳኳ። ከውስጥ ሚስቱ፣ ያቺ «ውድ ባለቤቴ» ብቻ የምትለው፣ «ማነው?» አለች። ቀናው ሰው መልስ አልሰጠም። የዕለቱ ክፍል በዚያው አለቀ።

ስልኩ በሰው እንባና ስድብ ታፈነ። ኃላፊያችን ስለ ማስታወቂያ ሁለተኛ አላነሳችም። ይበልጥ የሚገርማችሁ ምክሩ ነው። በሚቀጥለው ሳምንት ቀናው ሰው ሲጥ የሚል ጫማ ሊገዛ ሲዞር ውሃውን ሳያፈላ ሄዶ፣ መምህሩ አዲስ የጻፉለት ልጁ ሆዱን ታመመ። ያን ሌሊት ስንት ቤት ድስት እንደተጣደ አልቆጠርኩም፤ ከእንፋሎቱ የተነሳ ከተማው ጭጋግ ለብሶ ነው ያነጋው ብላችሁ ግን አታምኑኝም። ለዓመታት «ውሃ አፍሉ» ሲባል ያልሰማ ሰው፣ የሚያውቀው ሰው ልጅ ሲታመም ሰማ።

እናም እናንተ ታሪክ የምትጽፉ፣ የምታወሩ፣ ልጆቻችሁን በተረት የምትመክሩ ሁሉ፣ እንከን የለሽ ሰው ስትሠሩ አድማጭ የሚገባበት በር እንደዘጋችሁ እወቁ። ምልክት ብቻ ለጥፋችሁም አትሂዱ፤ ይላቀቃል። ከምልክቱ በታች የሚወደውን፣ የሚያፍርበትን አስቀምጡ። ያን ጊዜ ምክራችሁ ከሰውዬው ጋር ሰው ቤት ገብቶ ይቀመጣል።

መምህሩ ዛሬም ግራ ጫማቸውን አላሠሩም። ሰኞ ጠዋት ስቱዲዮ ተቀምጠን ሳለ ከታች ከደረጃው ሲጥ፣ ዝም፣ ሲጥ፣ ዝም ሲል ሰማሁ። እጄ ሙጫ በሙጫ ነበር። ሮጬ ሄድኩና ሳያንኳኩ በክርኔ ከፈትኩላቸው።