«ታክሟል» ስለተባለው የበቆሎ ዘር

የምስክር ስም፦ እናትነሽ ይርሳው
ዕድሜ፦ 27
አድራሻ፦ ቡሬ ከተማ
ሥራ፦ በዘር አከፋፋይ ድርጅት የደንበኞች መልእክት ጸሐፊ
ቃል የተሰጠበት ጊዜ፦ ሐምሌ 4 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት
ጉዳዩ፦ የወይዘሮ ዓባይነሽ ተስፋው አሟሟት
ቃል ተቀባይ፦ ረዳት ኢንስፔክተር ሃይለ ሚካኤል አለበል

እኔ ስሜ ከላይ የተጠቀሰው ምስክር፣ ለገበሬ ደንበኞች በስልክ የሚላኩ አጫጭር መልእክቶችን የምጽፍና ሲደውሉም መልስ የምሰጥ ሠራተኛ ነኝ። ሟች ወይዘሮ ዓባይነሽን በሕይወት ሳሉ አላውቃቸውም። ባለቤታቸውን አቶ አዛናው ትዕዛዙን በስልክ አንድ ጊዜ አነጋግሬያቸዋለሁ። ሚስታቸውን በመርዝ ገድለዋል በሚል ተጠርጥረው መታሰራቸውን የሰማሁት ሰኔ 26 ቀን ነው። ዛሬ የቀረብኩት ማንም ሳይጠራኝ በራሴ ፈቃድ ነው።

ድርጅታችን ዘንድሮ ያከፋፈለው የበቆሎ ዘር ተባይ እንዳይበላው ቀይ ቀለም ባለው መርዝ የታሸ ነው። ከትልቁ ጆንያ ወደ ትንንሽ ከረጢት ገልብጠን ስለምንሸጠው በከረጢቱ ላይ ምንም ማስጠንቀቂያ የለም። ስለዚህ ማስጠንቀቂያው በስልክ እንዲላክ ታዝዤ ሰኔ 7 ቀን፣ «ይህ ዘር መርዝ አለበት። የተረፋችሁን አትብሉት፣ ለከብትም አትስጡ፣ ቢታጠብም አይለቅም» ብዬ ጻፍኩ። ሥራ አስኪያጁ አቶ ስመኘው አንብበው፣ «መርዝ ሸጡልን እንዲሉን ነው? ደግሞ ትልቅ ሰው እንደ ሕፃን አትብላ አይባልም፤ ክብር ያለው አድርጊው» አሉኝ። አልተከራከርኳቸውም። እውነቱን ለመናገር የቀየርኩት ደስ ብሎኝ ነው፤ የኮሌጅ ትምህርቴ የሚታይበት ጽሑፍ ስጽፍ ኩራት ይሰማኝ ነበር።

ሰኔ 9 ቀን ለአንድ ሺህ ሁለት መቶ ደንበኞች የተላከው ቃል የሚከተለው ነው፦ «ክቡር ደንበኛችን፣ የተረከቡት ዘር በአግባቡ የታከመ በመሆኑ ለታለመለት ዓላማ ብቻ እንዲያውሉት በአክብሮት እናሳስባለን።» በእኛ ቢሮ ዘር ታከመ የሚባለው መርዝ ሲቀባ ነው። ከቢሯችን ውጭ ታከመ የሚባለው የታመመ ሰው ወይም ከብት ነው። ይህን ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም፤ እናቴ ሰከላ ውስጥ ገበሬ ናት። ስጽፍ ግን እናቴን አላሰብኳትም፤ ያሰብኩት አቶ ስመኘውን ነው።

ሰኔ 21 ቀን ከጠዋቱ 4 ሰዓት ገደማ አቶ አዛናው ደወሉ። መልእክቱን የደብራቸው ዲያቆን እንዳነበቡላቸው ገልጸው፣ «ልጄ፣ ከዘር የተረፈች አንድ ቁና የምታህል በቆሎ አለች። ታክሟል ነው የምትሉን?» ብለው ጠየቁኝ። ከተላከው ቃል ውጭ እንዳንመልስ ታዘን ስለነበር፣ «አዎ አባቴ፣ ታክሟል። ለታለመለት ዓላማ ብቻ ያውሉት» አልኳቸው። እሳቸውም፣ «እኛ በሰኔ ከጉሮሯችን ሌላ ምን ዓላማ አለነ ልጄ» አሉኝ። ጨዋታ አዋቂ ሽማግሌ ናቸው ብዬ ሳቅሁ። እሳቸው ግን ልብላው ወይ ብለው እየጠየቁኝ ነበር። «እግዜር ይስጥሽ» ብለው ዘጉ። እኔም በጥሪ መዝገቡ ላይ «ለደንበኛው በቂ ማብራሪያ ተሰጥቷል» ብዬ ጻፍኩ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን የሰማሁት ከጎረቤቶቻቸው ነው። ባልና ሚስቱ በቆሎዋን ቀይ ቀለሟ እስኪጠፋ አጥበው፣ አድርቀው አስፈጯት። ሰኔ 23 ቀን ጠዋት ወይዘሮ ዓባይነሽ ቂጣ ጋግረው በሉ። የስኳር ሕመም ስላለባቸው በጾምም ቢሆን ጠዋት እንዲቀምሱ የንስሐ አባታቸው ፈቅደውላቸዋል። አቶ አዛናው የሰኔን ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስለሚጾሙ አልቀመሱም። ወይዘሮዋ ወደ ፍኖተ ሰላም ሐኪም ቤት ሲወሰዱ መንገድ ላይ ሞቱ። ባልየውን ያስጠረጠራቸውም እሳቸው አለመብላታቸው ነው።

ሰኔ 27 ቀን አቶ ስመኘው የእኔን የጥሪ መዝገብ አያይዘው፣ ደንበኛው ዘሩ መርዝ መሆኑን በቃልና በጽሑፍ ተነግሮት ያውቅ ነበር የሚል ደብዳቤ ለፖሊስ ላኩ። እኔንም ቢሯቸው ጠርተው፣ «ብትጠየቂ ነግሬያቸዋለሁ በይ። አለዚያ የምትታሰሪው አንቺ ነሽ፤ ጽሑፉ የአንቺ ነው» አሉኝ። ፈራሁ። አምስት ቀን ዝም አልኩ፤ በእነዚያ ቀናት ቢሮ ገብቼ ሌሎች መልእክቶችን ስጽፍ እንደነበር ይመዝገብልኝ። ሐምሌ 2 ቀን ያለ ማንም ፈቃድ፣ «የተረፋችሁን ዘር አትብሉት፤ መርዝ ነው፤ ሰው ገድሏል» የሚል መልእክት ለሁሉም ላክሁ። በዚያው ቀን ከሥራ ታገድኩ።

ዛሬ ጠዋት ወደዚህ ጣቢያ ስገባ አቶ አዛናው ከጠባቂ ጋር በረንዳው ላይ ተቀምጠው ነበር። ለመርማሪው ስሜን ስናገር ድምፄን አወቁት። «ታክሟል ያልሽኝ አንቺ ነሽ?» አሉኝ። አዎ አልኳቸው። «የታከመ የዳነ ነው ብለን እኮ ነው። አትብሉት ማለት ምን ከብዶሽ ነው ልጄ?» አሉ።

አቶ አዛናው ዘሩ መርዝ እንዳለበት አያውቁም ነበር። ለማወቅ ደውለው ጠይቀውኝ ያልነገርኳቸው እኔ ነኝ። በመዝገቡ ላይ ተሰጥቷል ብዬ የጻፍኩት ማብራሪያም አልተሰጠም። ይህን በመናገሬ ራሴም ልከሰስ እንደምችል መርማሪው አስረድተውኛል።

ቃሌ ሲነበብልኝ፣ «በተፈጠረው የመረጃ ክፍተት ሳቢያ በግለሰቧ ላይ ጉዳት ደርሷል» የሚል ዐረፍተ ነገር ሰማሁ። መርማሪው የተለመደ አጻጻፍ ነው አሉኝ። የእኔም የተለመደ አጻጻፍ ነበር። በጥያቄዬ ተሰርዞ፣ «እናትነሽ ታክሟል ስላለች ወይዘሮ ዓባይነሽ በሉት፤ ሞቱ» በሚል ተተክቷል። የቀረው በአንደበቴ የወጣ እውነት ነው፤ የጨመርኩትም የደበቅሁትም የለም።

የምስክር ፊርማ፦ እናትነሽ ይርሳው
የቃል ተቀባይ ፊርማ፦ ረዳት ኢንስፔክተር ሃይለ ሚካኤል አለበል
ስርዝ ድልዝ፦ አንድ ቦታ፣ በምስክሯ ጥያቄ። ሁለታችንም ፈርመንበታል።