የአንድ ቤት ጎተራ

ወደ መካነ ሰላም በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ከፊቴ የተቀመጡት አንዲት አሮጊትና አንድ ጎልማሳ ያወራሉ።

«እናንተ ቤት ምጽዋቱን የሚያወጣው ማነው፣ ልጄ?»

«ድሮ ሁላችንም ለየራሳችን ነበር፣ እማማ። አሁን እህት ወንድም ሁላችንም ከምርታችን እየቀነስን አንድ ጎተራ እናስገባለን። የሚይዙልን የነፍስ አባታችን ናቸው።»

«ብትቸገሩስ መልሳችሁ ትወስዳላችሁ?»

«አንወስድም። ከገባ የእኛ አይደለም። ለማን ይሰጥ የሚለውን ብቻ እንመክራለን።»

«ደግ አድርጋችኋል። ዘንድሮ ማን መከረ?»

«እናታችን። ለዚያ ሰው ልጆች ይሰጥ አለች።»

«ለየትኛው ሰው?»

«አባታችንን ለገደለው። እሱ እስር ቤት ነው፣ ልጆቹ ግን የሚበሉት የላቸውም።»

«በስመ አብ። ዝም አላችኋት?»

«አንዳችን ስንዴዬን መልሱልኝ ብሎ ቄሱ ደጅ ሄደ።»

«መለሱለት?»

«ስንዴውን አህያ ላይ ጭነው ጠበቁት። አልመልስም፣ ግን አንተው ወስደህ ለልጆቹ አድርስ አሉት።»

አሮጊቷ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ።

«አደረሰ ታዲያ?»

«አደረስኩ፣ እማማ።»

መካነ ሰላም እስክንገባ ድረስ ዓይኔን ከማጅራቱ ላይ ማንሳት አቃተኝ።