ጭስ የማይሸተው ሸሚዝ

ከቴፒ ወደ ሚዛን በሚሄደው አውቶቡስ ውስጥ፣ ከፊቴ የተቀመጡ ሁለት የማይተዋወቁ ሴቶች ስለ ዝናቡ ወሬ ጀመሩ። አንደኛዋ የመንግሥት ቡና እርሻ መካኒክ ሚስት ናት።

«በዚህ ዝናብ ልብስ የት ይደርቃል እህቴ? ከምድጃው በላይ ነው የምንሰቅለው። ሁሉ ነገራችን ጭስ ጭስ ይሸታል።»

«የኛስ? ሌላ ምን ይደረጋል?»

«የእርሻው ጸሐፊ ግን በኤሌክትሪክ ታደርቃለች። እርሻው ላይ ይሠራ የነበረው ፈረንጅ ባለሙያ አገሩ ሲገባ የልብስ ማድረቂያ ማሽኑን ለሷ ሰጥቷት ሄደ። ከሰው ሁሉ ለሷ።»

«እኔም ፈረንጅ ቤት ሳጥብ እንደሱ ያለ ነበረን። ጥሩ ነገር ነው።»

«አሁንማ ተበላሽቷል። ይሞቃል፣ ግን አያደርቅም። እሁድ እሁድ ባሌ ነው ሄዶ የሚጠግንላት።»

«ከሞቀማ አልተበላሸም። በሩ ጋ ወንፊት አለው፤ የልብስ ብናኝ ሲሞላው አየሩ አይወጣም። ሳብ አድርጎ አውጥቶ በእጅ መጥረግ ነው።»

«ይሄ ብቻ?»

«ይሄው ነው። እኔ ልብሱን ባወጣሁ ቁጥር ነበር የምጠርገው።»

የመካኒኩ ሚስት ወደ ሴትዮዋ ዞር አለች።

«ከመስቀል ጀምሮ እኮ ነው የሚመላለሰው። ዛሬም እምቢ አለኝ ይላል።»

«ወንፊቱን ሳያየው ቀርቶ ይሆናላ።»

«እኔም እንደሱ ባልኩ። ግን እየዘነበበት ይሄዳል፣ ሲያባራ ይመለሳል፤ ሸሚዙ ደረቅ ነው። አሸተዋለሁ፣ ጭስ አይሸትም።»

እኔም ጠዋት ለብርዱ ብዬ የደረብኩትን የባሌን ኮት እጅጌ ቀስ ብዬ ወደ አፍንጫዬ አስጠጋሁ።