አባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲውን የፈተኑበት ሳምንት

የታችኛው ሰፈር ሰው "አባ ምንጭ" እያለ የሚጠራቸው ሽማግሌ ዕድሜያቸውን የፈጁት ጉድጓድ ሲቆፍሩ ነው። ተናግረው የሚያሳምኑ ሰው ስለሆኑም ሰፈሩ የተቃውሞ ደብዳቤ ጽፎ ወደ ማዘጋጃ ቤት የሚልከው ሰው ሲፈልግ ከእሳቸው የተሻለ አላገኘም። ነገሩ ይህ ነው፦ ዩኒቨርሲቲው ከሰፈሩ በላይ ያለውን ባዶ ሜዳ ለምርምር ሕንፃ ጠይቋል፤ ከከተማው በጀትም ድርሻ ይሰጠኝ ብሏል። የከተማው ምክር ቤት በሳምንቱ መጨረሻ ሊወስን ቀጥሯል።

አባ ምንጭ ደብዳቤውን ኮታቸው ኪስ ከተው አውቶቡስ ተሳፈሩ። ያገኙት ወንበር የጠርሙስ ሳጥን ከታቀፈች ወጣት ጎን ነበር። መኪናው በተንገጫገጨ ቁጥር ጠርሙሶቹ ይንኳኳሉ።

"ልጄ፣ ይህን ሁሉ ብቻሽን ልትጠጪው ነው?" አሉ እየሳቁ።

"ኧረ አባባ፣ ውሃ ነው!" አለች እሷም ስቃ። "ለምርመራ ነው የምወስደው። ዩኒቨርሲቲው ቤተ ሙከራ ውስጥ ነው የምሠራው።"

ዩኒቨርሲቲ የሚለውን ቃል ሲሰሙ የሽማግሌው ሳቅ ተሰበሰበ።

"ውሃ በጠርሙስ ሞልቶ ማየትም ደመወዝ ያስገኛል በይኛ! ለመሆኑ ግቢያችሁ ውስጥ ስንት ሰው ነው የሚቀለበው?"

"የሚሠራው ሦስት ሺህ ያህል ነው። አስተማሪውና ተመራማሪው አንድ ሺህ ቢሆን ነው፤ የቀረው መጽሐፍ የሚያውስ፣ መብራት የሚጠግን፣ መሣሪያ የሚያስተካክል፣ ግቢ የሚያጸዳ ነው። የሚማረው ደግሞ ሠላሳ ሺህ ይደርሳል።"

"እኔ ጉድጓድ ስቆፍር ሦስት ሰው ይበቃኝ ነበር። ከሦስቱ አንዱ ሰነፍ ከሆነ በግማሽ ቀን አውቀዋለሁ። ከሦስት ሺህ መሀል ሰነፉን ማን ይለየዋል? እሺ፣ ማስተማሩን አስተምሩ፤ ማን ይጠላል! ያ ምርምር የምትሉት ግን አይገባኝም። ያልታወቀ ነገር ፍለጋ በሰው ገንዘብ መንከራተት ምን ይባላል?"

"እርስዎስ ሲቆፍሩ ውሃው የት እንዳለ አስቀድሞ ታውቆ ነበር?"

አባ ምንጭ እልኸኛ ቢሆኑም ፍርደ ገምድል አይደሉም፤ ጥሩ ነገር ሲሰሙ ጥሩ ነው ማለት ባይወዱም ክርክሩን መተው ያውቁበታል። ስለዚህ በሌላ በኩል መጡ።

"ገንዘቡንስ ማን ነው የሚሰጣችሁ?"

"የሚበዛው ከሕዝብ ግብር ነው። ጥቂቱን ተማሪው ይከፍላል። የቀረውን ተመራማሪዎች ሐሳባቸውን አቅርበው፣ ከሌሎች ጋር ተወዳድረው ያመጡታል፤ ያላሸነፈ ባዶ እጁን ይመለሳል። ይህ የጠርሙስ ሥራ እንኳ በውድድር የተገኘ ነው።"

"ግብር እከፍላለሁ፤ እንግዲያ ቀጣሪያችሁ እኔ ነኛ!"

"አዎን አባባ። ቀጣሪ ደግሞ ሥራውን አይቶ ነው የሚፈርደው።"

ሽማግሌው አንገታቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ለወሬ ያህል፣ "ውሃውስ ከየት ነው?" ብለው ጠየቁ።

"ከታችኛው ሰፈር ትልቁ ጉድጓድ። የሰፈሩ ልጆች ጥርስ ለምን እንደሚበልዝ፣ የትልልቆቹም ወገብ ለምን እንደሚደርቅ ስናጠና ጥርጣሬያችን ውሃው ላይ ወደቀ።"

"ምን? ያን ጉድጓድ የቆፈርኩት እኔ ነኝ!"

ተሳፋሪው ሁሉ ዞሮ አያቸው። ወጣቷ ደነገጠች፤ ይቅርታ ልትጠይቅ አፏን ስትከፍት አባ ምንጭ እጃቸውን አነሡ።

"ስሚኝ። ነገ ሦስት ጠርሙስ ውሃ አመጣለሁ። ከየት እንደቀዳሁ አልነግራችሁም፤ እናንተው ንገሩኝ። ካወቃችሁ አምናለሁ። ካላወቃችሁ ሜዳው አይሰጣችሁ የሚለውን ይህን ደብዳቤ ምክር ቤቱ ፊት ቆሜ አነበዋለሁ።"

"ተስማማን፣ አባባ።"

በማግስቱ ሦስት ጠርሙስ በዘንቢል ይዘው መጡ፤ አንዱ ቀይ፣ አንዱ ነጭ፣ አንዱ ጥቁር ክር ታስሮበታል። ወጣቷ ከበሩ ተቀብላቸው ጠርሙሶቹን ለቤተ ሙከራው ሰጠችና ግቢውን አሳየቻቸው። በአንድ አዳራሽ ሁለት መቶ ተማሪ እስክሪብቶ ይዞ ያዳምጣል። በአንድ ወርክሾፕ ዘይት የነካው ሱሪ የለበሰ ሰው ለመመርመሪያ መሣሪያ የምትሆን ጣት የማታክል ብሎን ይሞርዳል፤ እሷ ካልተሠራች የፕሮፌሰሮቹ ሥራ እንደቆመ ነው። አባ ምንጭ ከሁሉ ይልቅ እዚህ ሰውዬ ጋ ቆዩ። ሥራ የሚያውቅ እጅ ሥራ የሚያውቅ እጅን ይለያል።

ከሰዓት በኋላ የቤተ ሙከራው ኃላፊ፣ ጸጉራቸው የሸበተ ሴት ፕሮፌሰር፣ ወረቀት ይዘው ወጡ።

"ባለ ቀዩና ባለ ነጩ ከታችኛው ሰፈር ትልቁ ጉድጓድ የተቀዱ ናቸው" አሉ። "ባለ ጥቁሩ ግን አስቸግሮን ነበር። ግማሹ የዚያው ጉድጓድ ውሃ ሲሆን ግማሹ ማዕድን የሌለበት ነው፤ የዝናብ ውሃ የደባለቁበት ይመስለናል።"

አባ ምንጭ መጀመሪያ አፋቸውን ያዙ፤ ቀጥሎ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። "ተያዝኩ! ከጣሪያዬ ሥር ካለው በርሜል ነው የጨመርኩበት። ሚስቴ እንኳ አላየችኝም!"

ሳቁ ግን አልቆየም። "እንግዲያ ስለ ልጆቹ ጥርስ የተባለውም እውነት ነው?"

"እውነት ነው" አሉ ፕሮፌሰሯ። "ፍሎራይድ የሚባል ማዕድን ከጥልቁ ድንጋይ ወደ ውሃው ይገባል። ጥቂቱ አይጎዳም፤ እዚህ ያለው ግን ከሚፈቀደው አምስት እጥፍ ነው።"

አባ ምንጭ ወንበር ፈልገው ተቀመጡ። "የበኩር ልጄ አርባ ዓመት ሳይሞላው ጎንበስ ብሎ ጫማውን ማሰር አቅቶታል። እኔ ነኛ በገዛ እጄ ያጠጣሁት።"

ወጣቷ አጠገባቸው በርከክ አለች። "አባባ፣ ጉድጓዱ ሳይቆፈር ሰፈሩ ምን ይጠጣ ነበር?"

"የወንዙን።"

"ያን ጊዜ በተቅማጥ ስንት ሕፃን ይሞት ነበር?"

"ማን ቆጥሮት!"

"ያን ያስቀሩት እርስዎ ነዎት። ይኸኛውን ግን ዓይን አያየውም፣ ምላስም አይለየውም። ያለ መሣሪያ ማን ሊያውቅ ይችላል?"

"በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም" አሉ ሽማግሌው ለራሳቸው ያህል። ከዚያ ቀና ብለው፣ "መድኃኒቱስ?" አሉ።

"የድንጋይ ባለሙያዎቻችን ከኮረብታው ማዶ ጥልቀት የሌለው ንጹሕ ውሃ አለ ይላሉ" አሉ ፕሮፌሰሯ። "መሣሪያው አካባቢውን እንጂ ነጥቡን አያሳየንም። መሬቱን የሚያውቅ ሰው ቢያግዘን ደስ ይለናል።"

የውሳኔው ቀን አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። አባ ምንጭ ደብዳቤውን አውጥተው አሳዩና መልሰው አጠፉት።

"ይህን እንዳነብ ልካችሁኛል፤ አላነበውም" አሉ።

"ተሸጡ እንዴ?" ብሎ ጮኸ የሰፈሩ ዳቦ ጋጋሪ።

"አልተሸጥኩም፤ ፈትኜ ተረታሁ! ወገኖቼ፣ የማምነው ጉድጓዴን ነበር። እነዚህ ሰዎች ግን የደበቅኩትን አገኙት። የልጆቻችንን ጥርስ ያበለዘው፣ የልጄን ወገብ ያደረቀው ውሃዬ ነው። ይህን ስናገር አፍሬ ነው፤ ባልናገር ግን የባሰ አፍራለሁ። ዩኒቨርሲቲ የወረቀት ማደያ ብቻ ይመስለን ነበር። እዚያ የሚማረው ነገ ሐኪም ሆኖ ያክመናል፤ የሚመራመረው ያልታየውን ጠላት ያሳየናል፤ ብሎን የሚሞርደው ሁለቱንም ያሠራቸዋል። ለዚህ የሚወጣ ገንዘብ ዘር ነው፤ ዘር ደግሞ አይበላም፣ ይዘራል። ሜዳውን ስጧቸው፤ በጀቱንም ስጧቸው። በየዓመቱ ግን ምን እንደሠሩ መጥተው ይንገሩን!"

ዳቦ ጋጋሪው ከሁሉ ቀድሞ አጨበጨበ። ምክር ቤቱ ሜዳውንም በጀቱንም ፈቀደ፤ አባ ምንጭ "በየዓመቱ ይንገሩን" ያሉትም ከውሳኔው ጋር ተጻፈ።

ከዚያ ሥራ ሆነ። ባለሙያዎቹ በመሣሪያ፣ አባ ምንጭ በልምድ፣ ሁለት ጊዜ ተጨቃጭቀው በሦስተኛው የሚቆፈርበት ቦታ ላይ ተስማሙ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ውሃው ወጣ። ወጣቷ መርምራ "ንጹሕ ነው!" ስትል ፕሮፌሰሯና ዳቦ ጋጋሪው ጭቃ ውስጥ ተቃቀፉ። የድሮው ጉድጓድ ለልብስ ማጠቢያና ለግንባታ ቀረ። የበለዘ ጥርስ ባይመለስም ከዚያ ወዲያ የተወለዱ ሕፃናት ንጹሕ ጥርስ አበቀሉ። የአባ ምንጭ ልጅም ወገቡ ሙሉ በሙሉ ባይድን ሕመሙ ቀለለለት። በዓመቱ ከሰፈሩ ስድስት ልጆች ዩኒቨርሲቲ ገቡ፤ ሁለቱ የዳቦ ጋጋሪው ሴት ልጆች ነበሩ። የማያውቁትን መጠየቅ ክብርን እንደማይቀንስ፣ እንዲያውም እንደሚጨምር፣ ሰፈሩ ሁሉ ከአንድ ሽማግሌ ተማረ።

አዲሱ የምርምር ሕንፃ የተመረቀ ዕለት የታችኛው ሰፈር ሰው አለኝ የሚለውን ልብስ ለብሶ መጣ፤ ነገር ግን ከሚያብለጨልጨው ወለል ፊት ሲደርስ ጫማውን እያየ ቆመ። አባ ምንጭ ከውስጥ ሆነው አዩት። ሁለቱንም የበር መዝጊያ እስከ ዳር ገፍተው ከፈቱና፣

"ምን ደጅ ትጠናላችሁ?" ብለው ጮኹ። "ግቡ እንጂ!"

ሰዉም ጫማውን ረስቶ እየሳቀ ገባ።