ያልተቀባው ፈረስ

— ሄሎ… ማን ልበል?… ሰርኬ! አለሽ እንዴ? እኔማ ዳንግላ ሄዳ በዚያው ጠፋች ብዬ… ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን።… ድምፅሽ ምነው? ታለቅሻለሽ እንዴ?

ውቢት ስልኩን በጆሮዋና በትከሻዋ መሐል አጣበቀችው። በግራ እጇ የደንበኛዋን የሀይማኖትን ጣት ይዛለች፣ በቀኟ ብሩሽ። ሰርክአዲስ እዚሁ እንጅባራ፣ ከዚችው ጠባብ ቤት ጥፍር መቀባት ተምራ የሄደች ልጅ ናት። ዳንግላ የራሷን ከከፈተች ወዲህ ለበዓል እንኳን ደውላ አታውቅም። ውቢት ቅር ብሏት ነበር፤ ለቅሶውን ስትሰማ ግን ቅሬታው የት እንደገባ አላወቀችም።

— ቆይ፣ ቀስ በይ። ሙሽራዋ ማን ናት?… ማናለብሽ። ሰርጉ ነገ ነው።… የአባቷን ፈረስ? በሁለቱም አውራ ጣቶቿ?… በልጅነቷ ነው የሞቱት? ነፍስ ይማር።… ታዲያ አንቺ ፈረስ መሳል መቼ ያቅትሻል! የእኔን ግድግዳ ፈረስ በፈረስ ያደረግሽው ማን ሆነና!… እ?… እንሶስላ?… ማታ አክስቷ አሞቋት?

ውቢት ልትስቅ ቃጣትና ተወችው።

— እና ለፈረሱ መደብ ነጩን ስትቀቢ ከሥሩ የእንሶስላው ቀይ እየወጣ ሮዝ ሆነብሽ። ያላየሁ መሰለሽ? ያለ ቤዝ፣ ያለ መጀመሪያው ቅብ ነዋ የቀባሽው!… አሴቶን አያስለቅቀውም። እንሶስላ ላይ ላዩን አይደለም፣ ጥፍሩ ጠጥቶታል። አብሮ አድጎ ነው ተቆርጦ የሚሄደው።… ምን አልሽ? በሞረድ? ሰርክአዲስ! አስቀምጪው። አሁኑኑ!… አስቀመጥሽ?… ስንቱን ጣት ነካሽ?… ትንሿን ብቻ። እሰይ። ጥፍር ሽንኩርት ነው እንዴ የሚላጠው? የቸኮለ አፍሶ ለቀመ አሉ!… አንድ ጊዜ ሀይማኖትዬ፣ እጅሽን እንዳታነቃንቂው፣ አልደረቀም።

ሀይማኖት ራሷን ነቀነቀች። ከቢሮ ሹልክ ብላ የመጣች ናት፤ አሁን ግን ወሬው ከጥፍሯ በልጦባታል።

— አክስትየው ምን አሉ?… ዝም? ጥግ ይዘው ተቀምጠዋል?… ያሳደጓት እሳቸው ናቸው።… ሥሩን ራሳቸው ከወንዝ ዳር ቆፍረው፣ ራሳቸው ወቅጠው… እና አንቺ በፊታቸው በሞረድ! አይ ሰርኬ… ሙሽራዋስ?… እህ። ነጩን ካልቀባሽ የአባቷ ፈረስ ይቀራል፣ ከቀባሽ አክስቷ ያዝናሉ። ታልቅሳ እንጂ ምን ታድርግ።

ውቢት ዓይኗን መደርደሪያዋ ላይ ወደተሰለፉት ጠርሙሶች አነሳች። ቀለም ስትመርጥ አንድ ልማድ አላት፤ ጠርሙስ ከመክፈቷ በፊት እጁን አገላብጣ ታያለች። ደንበኞቿ ይቀልዱባታል፤ ጠንቋይ ትመስያለሽ ይሏታል። እሷ ግን እጅ የራሱ መልክ ሳይኖረው የሚመጣ አይመስላትም። የዳንግላዋን ሙሽራ እጅ ማየት አለመቻሏ አበሳጫት፤ የአክስትየው ዝምታ ደግሞ አንጀቷን በላው።

— ለመሆኑ የፈረሱ መልክ ምን ነበር?… ቡኒ? ቡኒ የፈረስ መልክ ነው እንዴ?… እውነቷን ነው፣ በወሬ ካወቀችው ምን ታድርግ። ስልኩን ለአክስትየው ስጫቸው።… አይበሉሽም፣ ስጫቸው! ስማቸው ማን ነው?… እንደምን ዋሉ፣ እትዬ በቀለች? ውቢት እባላለሁ፣ ልጅቱን ያስተማርኳት ነኝ።… ልክ ነዎት። ልክ ነዎት እኮ፣ እኔም ተቆጥቻታለሁ።… እንሶስላ ያልሞቀች ምኑን ሙሽራ ሆነች፣ የእኔም እናት እንዲህ ይሉ ነበር።… አንድ ነገር ልጠይቅዎ? የወንድምዎ ፈረስ መልኩ ምን ነበር?… ሄሎ? ይሰሙኛል?… ዳማ፣ ቀላ ያለ።… ዳማ ሆኖ ግንባረ ቦራ። ነጩ እስከ አፍንጫው የወረደ።… በወንድምዎ ለቅሶ ዕለት ፈረሱን ጭነው ሲመሩት እርስዎ ነበሩ ልጓሙን የያዙት?… አይ እትዬ።… አሁን እስቲ ጣትዎን ይመልከቱ። የእርስዎን፣ እንሶስላውን የወቀጡበትን።… ጥፍሩ ምን መልክ አለው?

ውቢት ብሩሹን አስቀመጠችው።

— …አዎ። ዳማ ነው። እኔም እሱን ብዬ ነው።… አይዞዎት። በሉ ልጅቱን ይስጡልኝ።

ድምፅዋ ተለወጠ፤ አስተማሪነቷ መጣባት።

— ሰርኬ፣ ፈረሱን አትቀቢው።… አልቀለድኩም። ዙሪያውን ነጭ ቀቢ፣ ፈረሱን ተይው። እንሶስላው ራሱ ፈረስ ይሁን።… ገባሽ? እሰይ የኔ ልጅ! ምን ምን ቀለም አለሽ?… ኩቴክሱን ተይው፣ ወፍራም ነው፤ ጆሮና ኮቴ አያወጣልሽም።… ጄሉ ጥሩ ነበር፣ ግን ያለ ማሽን አይደርቅም፤ መብራት አለ?… እዚህም የለም።… የዘይት ቀለም? ማን ነው ያመጣው?… በዛብህ የሚባለው የሙሽራዋ ወንድም? የበር ቀለም ለበር ነው በይው!… ያ በውሃ የሚቀጥነው የሥዕል ቀለም የለሽም?… እሱ ነው! መጀመሪያ ቤዝ፣ ይድረቅ። ከዚያ ነጩን ስስ አድርገሽ፣ ሲደርቅ ትደግሚዋለሽ። ባንዴ ካወፈርሽው ይሰነጠቃል። ከሳትሽ ሳይደርቅ በእርጥብ ጥጥ ጥረጊው።… ቦራውን በዚያው ነጭ፣ በመርፌ ጫፍ።… ለልጓሙ ቀይ? እንሶስላው ይውጠዋል፤ ቢጫ አድርጊው። መጨረሻ ላይ ከላይ የሚያሽገውን ቶፕ። ያለሱ ነገ እጅ ስትታጠብ ነጩ መደብ ታጥቦ ይሄዳል።… ፈራሽ?… እንግዲያው ከሙሽራዋ በፊት ሌላ ሰው ጣት ላይ ሞክሪ።… እንሶስላ የነካው ጣት ከየት ላምጣ ትያለሽ? አክስትየው አጠገብሽ ተቀምጠው! ሙከራ ነው፣ አጠፋዋለሁ በያቸው።

ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አጋደመችው። ከወዲያ ብሩሽ በውሃ ሲለቀለቅ ይሰማል። ውቢት የሀይማኖትን ጣት መልሳ ያዘች እንጂ አልቀባችም፤ ሁለቱም ስልኩን ያያሉ።

— …አለሁ፣ አለሁ።… ጨረስሽ?… ፈረስ መሰለ?… እሳቸውስ?… ጣታቸውን ያያሉ? በይ ግድ የለም፣ ሳይደርቅ በጥጡ ጥረጊውና ወደ ሙሽራዋ እለፊ።… እ?… እጃቸውን ደበቁ?… ምን አሉ?

ውቢት ቀና አለች።

— …“አንዴ የቀበርኩት ይበቃኛል” አሉ?

ስልኩን ከጠረጴዛው አንስታ ወደ አፏ አስጠጋችው።

— …ተይው እንግዲህ። ቶፕ አድርጊላቸው፤ ዳር ዳሩንም በደንብ ዝጊው፣ ብዙ ይቆይላቸው።… ማናለብሽ አቀፈቻቸው? ተያቸው፣ ይተቃቀፉ፣ ጣታቸውን ብቻ ጠብቂ።… ምስጋናው ይቅርና ደውይ። ሳታለቅሺም ደውይ፣ እሺ?… ቻው፣ የኔ ልጅ።

ስልኩን ዘጋችው። ለሀይማኖት ከፍታው የነበረውን የቀለም ጠርሙስ አየት አድርጋ መልሳ ከደነችው።

— እስቲ እጅሽን እንደገና ልየው፣ ሀይማኖትዬ።